የእናቴ ጥንዚዛዎች ትንሣኤ

እናቴ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ከፍሪዘር አይስክሬም ለማውጣት መጀመሪያ ፌንጣዎቹን ማንሳት ነበረብኝ። በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እግራቸውን አጣጥፈው ከአተሩና ከበቆሎው አጠገብ ተደርድረዋል። ክዳኑ ላይ እናቴ በትልልቁ «አትብሉት» ብላ ጽፋበታለች። ማን ሊበላው እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የበቆሎ እርሻ ላይ ነው። እኔ ሬኔ፣ አባቴ ዌንዴል፣ እናቴ አርዲስና የአባቴ እናት አያቴ አልቪና። ቤቱ የአያቴ ነበር። ወጥ ቤቱ ደግሞ ከቤቱም በላይ የአያቴ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ዘንድ አልቪና ሃዘ ማለት ንጽሕና ማለት ነው፤ የእሷን ወለል ያየች ሴት ቤቷ ገብታ የራሷን እንደገና ትወለውላለች። እናቴ እንግዲህ የሞተ ዝንብ በጥጥ ጠቅልላ ይዛ የምትገባው እዚህ ወጥ ቤት ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሰው እናት ለትምህርት ቤት በዓል ኬክ በምትጋግርበት ዕድሜ የእኔዋ የደብተር ቦርሳ አንግታ ተማሪ ሆነች። የተመዘገበችው ለአንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ስለ ነፍሳት። ለምን ነፍሳት እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ሰው «ለየት ያለ ነገር ነው» ይልና የድንች ሰላጣውን ወደ ጎረቤቱ ያሳልፋል።

ከአባቴ ጋር የተስማሙት በአጭሩ ነው። «አንዷን ሞክሪያት» አላት። «ካለፍሽ ትቀጥያለሽ። ካላለፍሽም ሞክረሻል፤ በዚያው ያበቃል።» ድምፁ ለስላሳ ስለነበር አባቴ የእናቴ ደጋፊ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ለማለፍ አንድ ሣጥን ማስረከብ አለባት። በሣጥኑ ውስጥ ከሃያ ወገን የተሰበሰቡ ነፍሳት፣ እያንዳንዳቸው በመርፌ ተወግተው፣ ከሥራቸው የት፣ መቼና በማን እንደተያዙ የሚናገር የጥፍር ያህል መለያ ወረቀት ተሰክቶላቸው። ቀኑ በኅዳር ካለው የምስጋና በዓል በፊት ያለው ማክሰኞ። ሣጥን የለም ማለት ማለፍ የለም ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ያ መጸው የእኔ መከራ ሆነ። ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ ስትነዳ መንገድ ላይ የሞተ እንስሳ ካየች ቀጥ ብላ ትቆማለች። በእንጨት ገልበጥ አድርጋ ከሥሩ ጥንዚዛ ትለቅማለች። እኔ ደግሞ ጠርሙሱን በጭኔ ይዤ እጠብቃለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አለ፤ ነፍሳቱ የሚሞቱት በእሱ ሽታ ነው፤ እኔም ክፍል የምገባው ያንኑ ሽታ ይዤ ነው። ልጆቹ «ዝንቧ መጣች» ይሉኛል። ዝንብ እንኳ ብሆን ክንፍ ይኖረኝና እሄድ ነበር።

አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ እናቴ ከመኪናው መረቧን አወጣች፤ ከመጥረጊያ እንጨትና ከአሮጌ መጋረጃ የሠራችውን። የእሑድ ልብሷን እንደለበሰች ወደ መቃብሩ ሮጠች። ሕዝቡ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። አያቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ተከተለቻት።

«አርዲስ! የሰው መቃብር ላይ ነው የቆምሽው።»

«አውቃለሁ እማማ፤ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ፣ ንቢቷ አበባው ላይ ናት።»

«የማን መቃብር እንደሆነ ታውቂያለሽ? የፓስተር ክሩገር የመጀመሪያ ሚስት!»

«እሷ አትቆጣኝም።»

«ሁለተኛዋ ግን በሩ ላይ ቆማ እያየችሽ ነው።»

እውነቷን ነበር። ሎይስ ክሩገር፣ ሁለተኛዋ፣ አየችንና «ለየት ያለ ነገር ነው» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ግድ አልነበረኝም፤ መቃብሩም ቅርብ ነበር።

ያን ቀን ማታ ተንበርክኬ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ሆይ፣ እነዚህን ነፍሳት ውሰዳቸው አልኩ። አሜንም አልኩበት።

ሣጥኑ የተቀመጠው ሳሎን፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር፤ ልክ ከአባቴ ወፍ ሥር። አባቴ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የተኮሰው ፌዛንት ነው። ጭራው ረጅም፣ አንገቱ አረንጓዴ፣ ሆዱ በጭድ ተሞልቶ፣ ከግድግዳው በወጣ እንጨት ላይ የቆመ የዱር አውራ ዶሮ። አስተማሪያቸው ሣጥኑ ውስጥ ናፍታሊን እንዲያስቀምጡ አጥብቆ ነግሯቸው ነበር። እናቴም አስቀምጣ ነበር። አባቴ ግን ሁለት ማታ «ሽታው ራሴን ያዘኝ» ሲል አወጣችው። ጥቂት ሳምንት ናት ብላ። በነፍሳት ትምህርት ይህ የጀማሪ ስሕተት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ የማውቀው ሽታው በመጥፋቱ ደስ እንዳለኝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ከወደቀ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩ። ሁሉንም ብጠላም አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ነበረች፤ ጀርባዋ በብርሃን የሚለዋወጥ። የከፈትኩት እሷን ለማየት ነው።

መርፌዎቹ እንዳሉ ቆመዋል። መለያዎቹም በየቦታቸው። መርፌዎቹ ላይ ግን ማንም የለም። እዚህ አንድ እግር፣ እዚያ የክንፍ ቁራጭ፣ ከታች ቡናማ አቧራ። በአቧራው መሐል ደግሞ ባዶ የሆኑ፣ ፀጉር ያላቸው፣ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ትንንሽ ልብሶች ወድቀዋል። ልብስ ነው የመሰለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ያውም በሰንበት ትምህርት ያደገች፣ ባዶ መቃብርና ተጥሎ የቀረ ልብስ ስታይ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

«ተነሥተዋል!» እያልኩ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። «እማዬ፣ ጥንዚዛዎቹ ተነሥተዋል!»

እናቴ መጣችና ሣጥኑን አየች። ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በተአምሩ ልቧ ተነክቶ መሰለኝ፤ ኮራሁ። አባቴ ከኋላዋ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«ምንም አይደለም አርዲስ» አላት። «ሞክረሻል። ማንም ከዚህ በላይ አይጠይቅሽም።» ዳቦ ጠብሶ ጃም ቀባላት። ሳህኖቹን ራሱ አጠባቸው። አባቴን ሳህን ሲያጥብ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ይህንንም ከተአምራቱ ጋር ደመርኩት።

ዕድሜዬ ከእናቴ የያኔ ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል፤ ያን ጠዋት ብዙ ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ። አባቴ ለእናቴ እንደዚያ ቀን ደግ ሆኖ አያውቅም። ስትሸነፍ እንዴት እንደሚያጽናናት ያውቅበት ነበር። የከበደው ስታሸንፍ ነው።

በሰንበት ትምህርት ክፍላችን ወይዘሮ ኢርማ ፎስ «በዚህ ሳምንት እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበት ነገር ያለው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ መልሱ ውሻ ወይም አያት ነው። ያን ቀን ተነሥቼ መሰከርኩ። መርፌውን፣ አቧራውን፣ የተጣለውን ልብስ አንድ በአንድ አወራሁ።

«ዝንቦቹም ተነሡ?» አለ አንድ ልጅ።

«ዝንቦቹም» አልኩ። ወይዘሮ ኢርማ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች። ከዚያ መዝሙር አስጀመረችን።

ከምሳ በኋላ ቤታችን መጣች። የቀበሮ ፀጉር አንገትጌ ያለው ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ይህ ማለት ለጨዋታ አልመጣችም ማለት ነው።

«አርዲስ፣ ልጅሽ ዛሬ ስለ ትንሣኤ መስክራለች» አለች።

«ጎሽ» አለች አያቴ።

«ስለ ጥንዚዛ ትንሣኤ፣ አልቪና።»

አያቴ እናቴን አየቻት። እናቴ ወለሉን። እኔ ወይዘሮ ኢርማን እጇን ይዤ ሳሎን ወስጄ ሣጥኑን ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ አየች።  እጇ ወደ አንገትጌዋ ሄደ።

«ሬኔ» አለች፣ «ይሄ ተአምር አይደለም።»

«ታዲያ ማን ወሰዳቸው?»

ወይዘሮ ኢርማ ጣሪያውን አየች፤ አያቴን አየች፤ እንደገና ጣሪያውን አየች። «እኔም ቤት ነበር» አለች።

«ምኑ?» አለች አያቴ።

«ይሄ። ትሉ። የልብስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ አምና ክረምት። የቀበሮ አንገትጌዬን ጨርሶ በላው። ይሄ የምታዩት አዲስ ነው።»

አያቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ኢርማ። አንቺ ቤት?»

«አዎ፣ እኔ ቤት፣ አልቪና! ምን ላድርግ? ልጅቷ የሐሰት ተአምር ይዛ ከምታድግ እኔ ብዋረድ ይሻላል!» ፊቷ ቀልቷል። ወደ እኔ ዞራ፣ «ያ ልብስ ያልሽው የትሎቹ ቆዳ ነው። እየበሉ ሲያድጉ ጥለውት ይሄዳሉ። ጥንዚዛዎቹ ሆዳቸው ውስጥ ናቸው» አለችኝ።

እናቴ ይህን ጊዜ ወንበር ስባ ወጣችና ፌዛንቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከክንፉ ሥር አቧራ ዘነበ፤ አብሮም ፀጉራም ትሎች ወደቁ።

«ወፉ ነው» አለች።

«ተይው ወፉን» አለ አባቴ ከበሩ። «ወፉ እዚህ ቤት የገባው ከአንቺ በፊት ነው።»

«እኔ ደግሞ ከሁላችሁም በፊት ነኝ» አለች አያቴ። «ያ ነገር አሁኑኑ ይውጣልኝ።»

ፌዛንቱ ወደ ከብቶቹ ቤት ተወሰደ።  ተአምሬን ወስደው በምትኩ ትል ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የአብዛኛውን ሰባኪ ስም ረስቼዋለሁ፣ የወይዘሮ ኢርማን የቀላ ፊት ግን አልረሳሁም።

ሰኞ እናቴ ግድግዳው ላይ ባለው ስልክ ለአስተማሪዋ ደወለች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የሰማሁት የእሷን ወገን ብቻ ነው።

«አዎ፣ ፕሮፌሰር ኦስትራንደር። ሁሉም። ... አይ፣ አውጥቼው ነበር። ... አዎ፣ መናገሩንማ ነግረውናል። ... ታዲያ ሜዳው ሁሉ ውርጭ መትቶት...» የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠመጠመች። «ቤት ውስጥ? የማን ቤት?»

ስልኩን ሰቀለችና ግድግዳውን አየች። ቀኑ አይራዘምም ብሏታል። ግን ሜዳው ሞተ እንጂ ቤቶች አልሞቱም፤ ዱቄት አለ፣ ሱፍ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ምድር ቤት አለ ብሏታል። ከየትም ይምጣ፣ መለያው ላይ የሚጻፈው ቦታ ብቻ እውነት ይሁን። ቦታው ውሸት የሆነ ነፍሳት ለእሱ ጥራጊ ነው።

«ክረምት ገባ እኮ አርዲስ» አላት አባቴ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። «በራስሽ ላይ አትጨክኚ።»

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ማኅበር ረቡዕ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰበሰባል። እናቴ እዚያ ብድግ አለች። እኔ ከቴምር ኬኩ አጠገብ ነበርኩ።

«እኅቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለች። «ዱቄቱ ውስጥ ነቀዝ ያለባት አለች? ዶሮዎቿ ቅማል ያለባቸው? ወይም አልጋ ላይ...»

ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸውን ሳህን ማየት ጀመሩ። በእኛ አገር ለአንዲት የሉተራን ሴት ዱቄትሽ ነቀዝ አለው ወይ ከማለት ባልሽ ሰካራም ነው ወይ ማለት ይቀላል። ወይዘሮ ኢርማ እንኳ ሹራቧን አጎንብሳ ሠራች፤ በቤታችን ሳሎን የተናገረችው በቤታችን ሳሎን ቀርቷል። በመጨረሻ ሎይስ ክሩገር «ለየት ያለ ጥያቄ ነው» አለችና የኬኩን ሳህን አሳለፈች።

ግን ከማግስቱ ጀምሮ ሴቶች እየመጡ የጓሮውን በር ማንኳኳት ጀመሩ። ልክ እራት ላይ ስንቀመጥ። በነጠላ ጫማ፣ ካፖርት ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍነው።

«ይሄ የእኔ እንዳይመስልሽ አርዲስ። የባሌ እኅት ነው፤ አዮዋ ያለችው።»

ሌላዋ መጣች። የእሷም ከዚያው ከጎረቤት ግዛት፣ ከአዮዋ ነው። ሦስተኛዋም። ያ ሁሉ ተባይ እያለ የአዮዋ ሰው እንዴት እንደሚኖር ገረመኝ፤ በጸሎቴም አስታወስኳቸው።

«በዚህ ሳምንት አዮዋ ሄደሻል እንዴ?» ትላለች እናቴ ጠርሙሱን እያየች።

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ መለያው ላይ የት ልበል?»

«ምን ቸገረሽ፣ አዮዋ በያ!»

«አልችልም። የተያዘበትን ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው ሳልሰጥሽ እንደቀረሁ ቁጠሪው» ይላሉና ይሄዳሉ። ጠርሙሱን ግን ይዘው አይመለሱም። እናቴ ከሰገነቱ ዝንብ፣ ከዛፍ ቅርፊት ሥር ጥንዚዛ፣ ከላሞቹ ጀርባ ቅማል ራሷ ለቅማለች፤ አባቴ ላሟን ሊይዝላት አልፈቀደም፣ «የእኔ ላሞች ቅማል የለባቸውም» ብሎ። በዚህ ሁሉ ወገኑ ሃያ አልሞላም። ሃያውን የሚሞሉት የሴቶቹ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው፣ የሚጻፍላቸው እውነተኛ ቦታ ስለሌለ መርፌ ሳይነካቸው ቀሩ። አባቴ ከጎናቸው ተቀምጦ በሰላም ይበላል። «ሕሊናሽ ይበልጣል» ይላታል። እኔም ድጋፍ ይመስለኛል!

ከማስረከቢያው በፊት የነበረው ዓርብ እንደገና ተንኳኳ። ሎይስ ክሩገር ናት፣ የፓስተሩ ሚስት፣ ጠርሙስ ይዛ። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

«አርዲስ፣ ይሄ እንኳ ከ...»

«ከአዮዋ!» አለች አያቴ። ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እንዲያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። «አዮዋ፣ አዮዋ! ስምንት ማታ ሙሉ ትኩስ ሾርባ አልበላሁም! ሎይስ፣ ግቢና በሩን ዝጊው፤ ብርድ አስገባሽብን።»

ሎይስ ገባች። አያቴ ጓዳ ገብታ ትልቁን የዱቄት ቆርቆሮ እየጎተተች አመጣችው። ወንፊቱን አወረደች። በሁላችን ፊት፣ በሎይስም ፊት፣ በጋዜጣ ላይ ነፋችው። ዱቄቱ ወረደ። ወንፊቱ ላይ ቀያይ ትንንሽ ነገሮች ቀሩና መራመድ ጀመሩ።

«እማማ...» አለች እናቴ።

«ዱቄት የምንነፋው ለምን ይመስልሻል? ለስፖርት? እናቴም ነፍታዋለች፤ የእሷም እናት ነፍታዋለች። ብዕርሽን አምጪ። ጻፊ፤ አልቪና ሃዘ፣ ወጥ ቤት፣ የዱቄት ቆርቆሮ። አሁን እራቴን ልብላበት!»

እናቴ ጻፈች።  አባቴ ማንኪያውን እንደያዘ እናቱን አየ። ሎይስ ክሩገር ወንፊቱን አየች፣ ከዚያ የራሷን ጠርሙስ።

«እንግዲያው...» አለች ጉሮሮዋን ጠራርጋ። «ይሄ የፓስተር ቤት ምድር ቤት ነው። የመዝሙር መጻሕፍቱን የሚበላው ብርማ ነገር። ግን ፓስተሩ እንዳይሰማ።»

«የሚሰማው ምን አለ፣ በላዩ ላይ ተኝቶ አይደል የሚያድረው?» አለች አያቴ ሾርባዋን እየሳበች።

አልቪና ሃዘ ነቀዝ ካላት ማንም ሊኖራት ይችላል ማለት ነው። በማግስቱ አዮዋ አበቃላት። ሴቶቹ በፊት ለፊት በር እየመጡ አድራሻቸውን ተናገሩ፤ ወይዘሮ ኢርማም ቁም ሣጥኗን አስጻፈች።

እኔ ግን ያን ዓርብ ማታ አያቴን ፈራሁላት። ሰው ሊሞት ሲል ኃጢአቱን እንደሚናዘዝ ሰምቼ ነበር። ብርድ ልብሴን ይዤ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«እስክትሞቺ።»

«ነገ ዱቄት መግዛት አለብኝ» አለችና መብራቱን አጠፋች። አያቴ ያን ያደረገችው ለእናቴ ወይም ለእውነት ብላ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁ። ከመሞቷ በፊት ስጠይቃት ግን፣ «ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር» አለችኝ። 

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ስለሌለ እናቴ ይዛኝ ሄደች። ሣጥኑን በጭኔ ያዝኩት፤ በየጉድባው ትንፋሼን እየያዝኩ። ፕሮፌሰር ኦስትራንደር ረጅም ሰው ነው፤ የሹራቡ ክርን ተበልቷል፣ በምን እንደሆነ አሁን ስላወቅኩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ መለያዎቹን አነበበ።

«የፓስተር ክሩገር ምድር ቤት» አለ። «የወይዘሮ ፎስ ቁም ሣጥን። የአልቪና ሃዘ ወጥ ቤት... ዘመድሽ ናት?»

«የባለቤቴ እናት።»

«እና አስጻፈችሽ?»

«ራሷ ናት ጻፊ ያለችኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «ሌሎቹ ቢራቢሮ ነው ያመጡልኝ» አለ። ከዚያ ሁለቱ የተለያየ ወገን ያለቻቸው አንድ እንደሆኑ፣ የሦስቱ ቀንድ እንደተሰበረ፣ ናፍታሊን ማውጣት ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ረጋ ብሎ ነገራት። ሃያው ግን ሞልቶ ነበርና ቢ ሰጣት። ይህን ያህል ውርደት ተቀብለን ቢ! ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ትከሻዬን ጨመቀችኝ። እጇ ሞቃት ነበር። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ለጥር ወር ትምህርት ተሰለፈች።

እራት ላይ ነገረቻቸው። «አልፌያለሁ። ለጥርም ተመዝግቤያለሁ።»

«ጥሩ» አለች አያቴ። «ድንቹን አምጪው።»

አባቴ ካፖርቱን አንሥቶ ከብቶቹን ላብላ ብሎ ወጣ። ከብቶቹ በልተዋል። ቢ በማምጣቷ ያፈረ መሰለኝ። እናቴ ተከትላው ወጣች፤ እኔ የጓሮው በር ጋ ቆምኩ። በጓሮው መብራት ሥር ትንፋሻቸው ይጨሳል።

«መጀመሪያ አንድ ትምህርት ነው» አለ አባቴ። ጀርባውን ሰጥቷታል። «ከዚያ ሁለት ይሆናል። ከዚያ እዚያ ቢሮ ይሰጡሻል። ያን ጊዜ እዚህ ምን አለሽ? በቆሎ።»

እናቴ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ዌንዴል፣ ልሄድ ነው ብለህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ?»

አባቴ የካፖርቱን አንገትጌ ወደ ላይ አደረገ።

«ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በሌላው ቀን እዚሁ ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስም ማታ እመለሳለሁ።»

እናቴ ትሄዳለች ብሎ ማን ተናገረ? ማንም። በቤታችን ነሐሴን ሙሉ፣ መጸውን ሙሉ ስለ ሽታና ስለ ሕሊና ተወራ፤ ይህችን አንዲት ቃል የተናገረ አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

አባቴ በጫማው ጫፍ በረዶውን ቆፈረ። «ማክሰኞ እራት ማን ይሠራል?» አለ በመጨረሻ።

የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተ። «እጅ የለህም እንዴ?» አለች አያቴ፣ መልሳም ዘጋችው።

የጥር የመጀመሪያው ማክሰኞ አባቴ እራት ሠራ። አያቴ ቀኑን ሙሉ ወገቤን አለች፤ አላመንኳትም። አባቴ እንቁላሉን፣ የቆርቆሮ በቆሎውንና ቋሊማውን በአንድ መጥበሻ አንድ ላይ አደረጋቸው፤ ሥሩ አረረ፣ ላዩ አልበሰለም። ጸሎት የማድረስ ተራው የእኔ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ መልካም...» አልኩና ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለ አባቴ።

«...ስለዚህ ምግብ እናመሰግንሃለን» አልኩ።

አያቴ አንድ ጉርሻ ቀመሰች፣ ሹካዋን አስቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች። አባቴ ጎንበስ ብሎ በላ። ከዚያ ተነሥቶ መጥበሻው ውስጥ የቀረውን በሳህን ማውጣት ጀመረ።

«ይሄ ለአርዲስ ነው» አለ። «ስትመጣ ይርባታል።»

«ምን አድርጋህ ነው?» አለች አያቴ።

አባቴ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድኖ፣ እንዳይቀዘቅዝ ምድጃው ውስጥ አስገባው።